የጥድ አምባ ሲባጎ

«እንግዲያው ለምን ወለድኳት? አሳድጌ ለሰው ልሰጥ?»

«ለሰው አልሰጠናትም ፎዚያ። ትምህርት ቤት ነው ያስገባናት።»

«ትምህርት ቤትማ ደጃፌ ላይ አለ። ከዚህ ቆሜ ደወሉን እሰማዋለሁ።»

«አንቺ ትሰሚዋለሽ» አለ ይማም።

ፎዚያ ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ለቀቀችው። ወጡ ምድጃው ላይ ተረጨ። ይማም ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ተጸጸተ፤ ግን የተነገረ አይመለስም።

«ይበለኝ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አንተ ብቻ ነህ የምትወዳት። እኔ እንጀራ እናቷ ነኝ።»

«እንደሱ ወጣኝ?»

«በዓመት አራት ጊዜ ነው የምትመጣው። ስትመጣም የምትለኝ ግማሹ አይገባኝም። ትናንት እየሳቀች አንድ ነገር ነገረችኝ፤ እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ወላሂ ምን እንዳለችኝ እስካሁን አላወቅሁም። የገዛ ልጄ ስትቀልድ ጥርሴን አሳይቼ ቀረሁ፣ እንደ እንግዳ።»

ይማምንም ግማሹ ያመልጠዋል። ልዩነታቸው፣ እሱ ያመለጠውን እንደገባው ማስመሰል መልመዱ ነው።

ረውዳ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም። እናትና አባቷ ሲጣሉ ፊታቸውን ከእሷ እንደሚያዞሩ ካወቀች ቆይታለች፤ ለእሷ የጠብ ምልክቱ ጩኸት ሳይሆን ሁለት ጀርባ ነው። አሁንም ሁለቱን ጀርባዎች ተራ በተራ አየችና ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች። ይማም ዞረ።

«ስለ እኔ ነው?» አለችው በእጇ።

ይማም ወደ ድስቱ ጠቆመ። ጨው በዝቶበት ነው፣ አላት።

ረውዳ ድስቱን አየች፤ ቀጥላም አባቷን። ከዚያ ወደ ብርቱካኗ ተመለሰች።

በማግስቱ ሸንጎ ነበረባቸው።

ሕጉ የወጣው በሁለት ሺህ ሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። ማንም ልጅ ከማንም ልጅ አይለይ ይላል። ከዚያ በፊት የነበረውን ዘመን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ሕጉን አያሙትም፤ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚደበቁ፣ ስማቸው ከቤተሰቡ ቁጥር የሚዘለል ልጆች የነበሩበትን ጊዜ አይተዋልና። ልዩ ትምህርት ቤቶቹንም ማንም በአዋጅ አልዘጋቸውም። ጡረታ የወጣ መምህር አይተካም፣ ያፈሰሰ ጣሪያ አይጠገንም። እንዲህ እንዲህ እያሉ ከሰሙ። ልጁን ገና ባልከሰሙት ትምህርት ቤቶች ማስተማር የፈለገ ወላጅ መብቱ ነው። በየዓመቱ የአብሮነት ሸንጎ ፊት ቀርቦ ምክንያቱን ማስረዳት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ሸንጎው ማንንም ከልክሎ አያውቅም። ይጠይቃል፣ ያዳምጣል፣ ውሃ ያቀርባል፣ ያሰናብታል።

ጥድ አምባ ካልከሰሙት የመጨረሻው ነበር። እነ ይማም ከሚኖሩበት ከኮምቦልቻ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ፣ ደጋ ላይ ያለ የድሮ የድንጋይ ቤት ነው። በዓይን ሰሚዎች፣ መንግሥት የማይሰሙትን ያኔ የሚጠራቸው እንዲህ ነው፣ ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ እዚያው እያደሩ ይማራሉ። መምህራኑም አይሰሙም። ዋናዋ መምህርት አስካለ እዚያው ተምራ እዚያው ሽበት ያበቀለች ቀጭን ሴት ናት።

ይማም ጥድ አምባን የወደደው በአንድ ንጋት ነው። ባለፈው ክረምት ልጁን ሊጠይቅ ሄዶ ጎርፍ መንገዱን ቆረጠውና እዚያው አደረ። ከልጆቹ ማደሪያ በር ሥር ፍራሽ አነጠፉለት። ጎህ ሊቀድ ሲል ዓይኑን ቢገልጥ አስካለ በሩ አጠገብ ቆማ ከግድግዳው ላይ ሲባጎ ስታወርድ አየ። ሲባጎው ከአልጋ ወደ አልጋ ይሄዳል፤ በየአልጋው ላይ አንዲት ቀለበት አለችው፤ ቀለበቷ የሕፃን አንጓ ላይ ላላ ብላ ተጠልቃለች። አስካለ ሳብ አደረገችው። የመጀመሪያው ልጅ እጅ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ወጣና ቀጣዩን ሳበ። ቀጣዩም ቀጣዩን። በግራጫው ብርሃን ውስጥ እጅ ከእጅ እየተቀባበለ ክፍሉን ዞረ፤ መስኮቱ ሥር የተኛችው ረውዳ ጋ ሲደርስ ረውዳ ሁለት ጊዜ መልሳ ሳበች። ሲባጎው የመጣበትን መንገድ ይዞ አስካለ እጅ ላይ ተንቀጠቀጠ። ሁላችንም ነቅተናል ማለት ነው።

ቁርስ ላይ አስካለ እንዲገባው ቀስ ብላ በእጇ ነገረችው። ጨለማ ውስጥ ጆሮም የለን፣ ዓይንም የለን። ያመመው ይስባል። የፈራም ይስባል። አንዳንዱ ደግሞ ዝም ብሎ ይስባል፤ ያኛው መልሶ ይስብለታል፤ ከዚያ ሁለቱም ይተኛሉ።

ይማም በሕይወቱ እንደዚያ የሚያምር ነገር አይቶ አያውቅም።

ሸንጎው የተቀመጠው ከቀበሌው አዳራሽ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ነው። ዘበኛው ባልና ሚስቱን ከላይ እስከ ታች አያቸው።

«ልጅቷስ?»

«ጎረቤት ትተናታል» አለ ይማም።

«ደግ አደረጋችሁ። ልጅ ስለ ራሱ ሲወራ እንዳይሰማ ነው ደንቡ።» ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለውና ፈገግ አለ። «ለነገሩ የእናንተዋ እንኳ...»

ፎዚያ አየችው።

«ግቡ፣ ግቡ እናቴ» አለና በሩን ከፈተ።

ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ማህደር ትባላለች፤ ፊቷ ሰፊ፣ ድምጿ ለስላሳ። የሚባለውን ሁሉ ግድግዳው ራሱ እየሰማ ይጽፋል። ውሃው ተቀድቷል።

«እዚህ ማንም ማንንም አይከስም» አለች ወይዘሮ ማህደር። «ታላቅ ወንድሜ አይሰማም ነበር። እንግዳ ሲመጣ አባቴ በረት ያስገባው ነበር፣ ከጥጆቹ ጋር። እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት ስለ እሱ ነው። እስቲ ወይዘሮ ፎዚያ፣ እርስዎ ይጀምሩ።»

«እኔ ልጄ ቤቷ ብትሆን ደስ ይለኛል» አለች ፎዚያ። «አልዋሽም። ግን እዚያ ስትሄድ አታለቅስም። ከእኔ ስትለይ አታለቅስም። ሌላ የምለው የለኝም።»

ወይዘሮ ማህደር ራሷን ነቀነቀች። ወደ ይማም ዞረች።

«አቶ ይማም፣ አንድ ነገር ሁልጊዜ ያሳስበኛል። የማይሰማ ልጅ፣ የማይሰማ አስተማሪ። ሌሊት ቢያማት ማን ይደርስላታል?»

ይማም ይህን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቀው እንደኖረ ሁሉ ፊቱ በራ። ከወንበሩ ተነሳ። እሱ የአውቶቡስ ቻርጅ ጣቢያ ሠራተኛ ነው፤ በሰው ፊት መናገር አይሆንለትም። ያን ቀን ግን ምላሱ ተፈታ። ስለ ዝናቡ ነገራቸው፣ ስለ ፍራሹ፣ ስለ ሲባጎው። እጆቹን አንስቶ እንዴት ከልጅ ወደ ልጅ እንደሚሄድ አሳያቸው። ከሦስቱ መሐል ወጣት የሆነችው ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ይህን ሲያይ የበለጠ ደስ አለው።

«እጃቸው ላይ ነው የሚሆነው?» አለች ወይዘሮ ማህደር።

«እጃቸው ላይ፣ እዚህ አንጓቸው ላይ።»

«የሁሉም?»

«የሁሉም።»

«በየሌሊቱ?»

«በየሌሊቱ። በዓልም ቢሆን አይቀርም።»

«ትንንሾቹም?»

«ትንንሾቹማ!» አለ ይማም እየሳቀ። «እሱን ካላጠለቁ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።»

ወጣቷ አንገቷን ደፋች። ይማም ታሪኩ ልባቸውን ነክቶት መሰለውና ተቀመጠ።

ነገሩ መጀመሪያ የገባት ፎዚያ ናት።

«ማሰር አይደለም» አለች በችኮላ። «ላላ ያለ ነው። ሳብ ቢያደርጉት ይወልቃል። ማንም አያስገድዳቸውም፤ ራሳቸው ናቸው የሚያጠልቁት፣ በገዛ እጃቸው። በዓይኔ አይቻለሁ።»

አላየችም። እዚያ አድራ አታውቅም።

ወይዘሮ ማህደር ስትናገር ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻል ነበር።

«እሱ እኮ ነው የሚያሳዝነው ወይዘሮ ፎዚያ። ወንድሜም በኋላ በኋላ ማንም ሳይነግረው፣ የሰው ኮቴ ስንሰማ ፊታችንን አይቶ፣ ራሱ ተነስቶ በረት ይገባ ነበር።»

ደጅ ሲወጡ ፀሐዩ ከርሯል። ይማም የሚስቱን እርምጃ ተከትሎ ብዙ መንገድ ሄደ።

«ምን አጠፋሁ?» አለ።

«አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አለች ፎዚያ፤ ዞር ብላም አላየችው።

ረውዳ ዕረፍቷ አልቆ ወደ ጥድ አምባ በተመለሰች በሳምንቱ መርማሪዎች ሄዱ። ትሁቶች ነበሩ፤ ለልጆቹ ብስኩት ይዘውላቸው ነበር። በዜና ላይ ሲባጎው ነጭ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ ታየ፤ ቀለበቶቹ አንድ በአንድ፣ ትንንሾቹ ለብቻ። አውቶቡስ ጣቢያው ውስጥ ስክሪኑ ሥር የቆመ መንገደኛ ከንፈሩን መጠጠ። «ሰው በልጅ ላይ እንዲህ ይጨክናል?» አለ አንዱ። ሌላው «እኔማ ድሮ ቀረ ብዬ ነበር» አለ። ይማም ከጎናቸው ቆሞ የቻርጅ ገመዱን ከአውቶቡሱ ነቀለ።

ማንም አልታሰረም። መምህራኑ ስለ አገልግሎታቸው ተመሰገኑ። ጥድ አምባ ተዘጋ።

ይማም ልጁን ሊያመጣ የሄደው ብቻውን ነው። ግቢው ውስጥ ወላጆች ፍራሽና ሻንጣ ይጭናሉ። ልጆቹ ሜዳው መሐል ክብ ሠርተው እጃቸው እየፈጠነ ይነጋገራሉ፤ ወላጅ እየመጣ አንዱን በወሰደ ቁጥር ክቡ ይጠብባል። አስካለ ማደሪያው ውስጥ ብርድ ልብስ ታጥፋለች። አልጋዎቹ ተራቁተዋል። ሲባጎው የሚንጠለጠልበት ምስማር ብቻ ግድግዳው ላይ ቀርቷል።

ይማም የረውዳን ልብስ መሰብሰብ ጀመረ። አስካለ ትከሻውን ነካችው። ዞረ።

«ማን ነው የነገራቸው?» አለችው በእጇ።

ምልክቱን ያውቀዋል። ማን የሚለውን፣ ነገረ የሚለውን፣ ከልጁ የተማራቸው የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ረውዳ ጣፋጭ የተደበቀበትን ስታገኝ ሁልጊዜ የምትጠየቀው እንደዚያ ነበር።

ይማም ግንባሩን አኮማተረ። መዳፎቹን ዘርግቶ ራሱን ነቀነቀ። አልገባኝም።

አስካለ ደገመችለት፤ ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገር። ከዚያ በጣቶቿ ፊደል በፊደል ጻፈችለት። እሱ ዓይኑን ጣቶቿ ላይ ተክሎ እስክትጨርስ ጠበቀና እንደገና ራሱን ነቀነቀ፤ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ፈገግ አለ። አስካለ ጥቂት አየችው። የማይገባው ወላጅ ስታይ የመጀመሪያዋ አይደለም። እጇን በእጁ ላይ መታ መታ አድርጋ ወደ ብርድ ልብሶቿ ተመለሰች።

መንገዱን ሙሉ ረውዳ በመስኮት ስታይ ነበር። አላለቀሰችም።

የሠፈሩ ትምህርት ቤት በደስታ ተቀበላት። በር ላይ ዘፈኑላት። መነጽር ተሰጣት፤ ሰው የሚናገረውን ሁሉ ዓይኗ ሥር ይጽፍላታል። ሐብልም ተሰጣት፤ እጇ የሚለውን ለሰዎች በድምፅ ይናገርላታል። ድምፁን ፎዚያ ናት የመረጠችው፤ ብዙ አሰሟት፣ እሷም ቀጭንና ሳቂታ የሆነውን መረጠች። የመጀመሪያ ቀን ከሐብሉ ውስጥ «እማዬ፣ ርቦኛል» የሚል ሲወጣ ፎዚያ ልጇን አቅፋ አለቀሰች። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀችው ነበር።

ለየሳምንቱ ተረኛ ጓደኛ ይመደብላታል። ተረኛው አብሯት ይበላል፣ አብሯት ይጫወታል፣ ዓርብ ላይ ለቀጣዩ ያስረክባታል። ከመሐላቸው ክፉ ልጅ አልነበረም። ሁሉም በጨዋታ ቦታ ያስቀድሟታል፤ ስትሳሳት አይስቁባትም። ሲያናግሯት ሐብሉን ያያሉ፤ ድምፁ የሚመጣው ከዚያ ነውና። በጥድ አምባ ሰው የሚያየው ፊቷን ነበር።

ረውዳ እጇን ከፍ ማድረግ ተወች። ሐብሉ ትንሿን እንቅስቃሴም ስለሚያነብ ማንሳት አያስፈልግም። መጀመሪያ ደረቷ ላይ ታወራ ነበር፤ ቀጥሎ ሆዷ ላይ፤ ቆይቶ ጭኖቿ ላይ፣ ጠረጴዛ ሥር፣ በጣቶቿ ጫፍ ብቻ። ከጥድ አምባ ልጆች ጋር በስክሪን እንድትገናኝ ሰዓት ተመድቦላት ነበር። መጀመሪያ ሁሉም ይገቡ ነበር። በኋላ አንዳንዶቹ ቀሩ፤ መግባት ያልተዉትም ሐብል አድርገው መጡና ስክሪኑ ላይ የሚታየው የማይነቃነቅ ትከሻ ሆነ።

ጠዋት ጠዋት ፎዚያ ልታነሳት ስትገባ የረውዳ አንጓ ላይ ከጫማ የተፈታ ማሰሪያ ታገኝ ነበር። ሌላው ጫፍ ወለል ላይ ወድቋል። አንድ ማታ ፎዚያ የወደቀውን ጫፍ አንስታ የራሷ እጅ ላይ አጠለቀችና አጠገቧ ተኛች። ማሰሪያው ሳብ ሲያደርጋት በርግጋ ተነሳች፤ መብራት አበራች፤ «ምን ሆንሽ? የት ጋ አመመሽ?» እያለች ግንባሯን ዳበሰች። ረውዳ ብርሃኑ ዓይኗን እየወጋት ምንም አልሆንኩም አለቻት። መልሶ መሳብ ብቻ እንደነበረ ለፎዚያ የነገራት የለም፤ ይማም ያውቅ ነበር፣ ግን ሲባጎ የሚለውን ቃል ከዚያ ሸንጎ ወዲህ ቤታቸው ውስጥ ማንም አንስቶት አያውቅም። በማግስቱ ማሰሪያው ጫማው ላይ ተመልሶ ታሰረ።

በዓመቱ መጨረሻ ውጤቷ መጣ። ከክፍሏ ሦስተኛ። ከግርጌው «ሙሉ በሙሉ ተካታለች» ይላል።

«አየህ?» አለች ፎዚያ ውጤቱን ይዛ። ይማም አየ። ፎዚያም ወረቀቱን እንደገና አየችው፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ይማም፣ ቤታችን ጸጥ አላለብህም?»

«ድሮስ መቼ ጮኻ ታውቃለች?»

«እሱን አይደለም ያልኩህ» አለች።

አዲሱ ዓመት ከገባ በኋላ ፎዚያ በልብስ ፋብሪካው የማታ ፈረቃ ስለደረሳት፣ ረውዳ ከትምህርት ቤት ስትለቀቅ ወደ አባቷ ጣቢያ ትመጣለች። ከቻርጅ ምሰሶዎቹ አጠገብ አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ተቀምጣ በመነጽሯ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፤ የይማም ሥራ ሲያልቅ አብረው ይሄዳሉ።

አንድ ከሰዓት ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል የአዲስ አበባው አውቶቡስ ገብቶ ቆመ። ጥላው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ወደቀ። ረውዳ ጀርባዋን ለአውቶቡሱ ሰጥታ ተቀምጣለች። ይማም ገመዱን ሰክቶ ቀና ሲል ተሳፋሪዎቹ መሐል አስካለን አየ።

ከስታለች። አንድ ሻንጣ ይዛለች፣ የተጠቀለለ ብርድ ልብስም ክንዷ ሥር አለ። ወደ ማንም ሳታይ ገብታ በወዲያኛው በኩል መስኮቱ ጋ ተቀመጠች።

ሾፌሩ ወርዶ እግሩን ያፍታታል።

«ያቺን ሴትዮ አየሃት?» አለው ይማምን። «ዱዳ ናት። ይቅርታ፣ እንደሱ አይባልም ለካ። አዲስ አበባ መነጽር የሚሠሩት ናቸው ያስጠሯት አሉ፤ እጇን ሊቀርጹት ነው፣ ለማሽኑ። አሮጌውን አነጋገር የሚያውቅ ሰው ጠፍቶባቸው። ይከፍሏታል እንግዲህ። መቼም ለሁሉም ጊዜ አለው።»

«ትመለሳለች?» አለ ይማም።

«ወዴት?» አለ ሾፌሩ።

ረውዳ ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው የምትርቀው። ትከሻዋን መንካት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ብትዞር በመስኮቱ መምህርቷን ታያለች። አስካለ ትወርዳለች፤ ተቃቅፈው ይቆያሉ፤ ከዚያ የልጁ እጆች ከጭኖቿ ላይ ተነስተው ደረቷ ድረስ፣ ፊቷ ድረስ ይወጣሉ። ይህን ለማየት ይማም ምን ባልሰጠ ነበር። ግን አስካለ ወደ እሱም ትዞራለች። ማን እንደነገረ ያንኑ ትጠይቀዋለች። አሁን ደግሞ አልገባኝም ማለት አይችልም፤ ረውዳ መሐላቸው ትቆማለች፣ ረውዳ ትተረጉምለታለች።

የገመዱ መብራት አረንጓዴ ሆነ። ሾፌሩ ወደ መቀመጫው ወጥቶ በሩን ዘጋ።

ይማም እጁን ወደ ልጁ ትከሻ አነሳ። አየር ላይ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ነቀለና በዚያው እጁ ለሾፌሩ ሂድ አለው።

አውቶቡሱ ያለ ድምፅ ተነሳ። ጥላው ከአግዳሚው ላይ ቀስ እያለ ሲንሸራተት ፀሐይዋ የረውዳ ማጅራት ላይ አረፈች። ረውዳ ቀና ሳትል፣ ትኩሱን ሽሽት፣ የምሰሶው ጥላ ወዳለበት ወደ ወንበሩ ጫፍ ተጠጋች።

ይማም ገመዱን ትከሻው ላይ አድርጎ ተራ ወደሚጠብቀው አውቶቡስ ሄደ።